ሳይገባው የገለበጠ ጸሐፊ፦ የፕላውቱስ ኮሜዲዎች እንዴት ደረሱን

በ1815 አንጄሎ ማይ የተባለ ቄስ በሚላኖው የአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተፍቆ ዳግመኛ የተጻፈበትን አንድ ብራና ሲመረምር፣ ከላይ ከሚታየው የመጽሐፈ ነገሥት የላቲን ትርጉም ሥር የሮማዊው የኮሜዲ ደራሲ የፕላውቱስ ተውኔቶች ተደብቀው እንዳሉ ደረሰበት። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ማይ በዚያው ዓመት ከግኝቱ የተወሰነውን ሲያሳትም፣ በርእሱ ላይ ደራሲውን «ማርኩስ አኪዩስ ፕላውቱስ» ብሎ ጠራው። ስሙን እንዲህ መጻፍ ለዘመናት የተለመደ ስለነበረ ያንን የሚጠይቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ባገኘው ብራና ላይ «ካሲና» የተባለው ተውኔት በሚያበቃበት ቦታ የሰፈረው ጽሑፍ ሌላ ነገር ይላል፤ የቲቱስ ማኪዩስ ፕላውቱስ «ካሲና» ተፈጸመ ይላል።

የስሕተቱ ምንጭ ቀላል ነው። የጥንት የላቲን መጻሕፍት ቃልን ከቃል በክፍት ቦታ አይለዩም ነበር። በግእዝ ብራና ላይ በየቃሉ መካከል የምናያቸው ሁለት ነጥቦች እዚያ አልነበሩምና ፊደላቱ ተያይዘው ይሄዳሉ። «ኤም» የተባለችው የላቲን ፊደል ደግሞ ብቻዋን ስትቆም «ማርኩስ» ለሚለው ስም ምሕጻር ሆና ታገለግላለች። ስለዚህ «የማኪዩስ» የሚለውን ቃል ያየ አንባቢ የመጀመሪያዋን ፊደል ነጥሎ «የማርኩስ አኪዩስ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። አኪዩስ የሚባል ታዋቂ የትራጄዲ ደራሲ በሮማ ስለነበረ፣ ስሙ ለተማረ ጆሮ እንግዳ አልሆነም። ስሕተቱን በ1840ዎቹ ያረመው የቦኑ ሊቅ ፍሪድሪሽ ሪትሽል ነው። ለዚህም ካገዙት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው «ሜርካቶር» ወይም «ነጋዴው» ከተባለው ተውኔት መቅድም ነው። መቅድሙ ተውኔቱ በግሪክኛ «ኤምፖሮስ» ተብሎ የፊሌሞን ድርሰት እንደነበረ ከነገረን በኋላ በላቲን የማን እንደሆነ ይናገራል። በመካከለኛው ዘመን የተገለበጡት መጻሕፍት ግን እዚህ ላይ የደራሲውን ስም የያዙ ሁለት ቃላትን አቀላቅለው በላቲን ምንም ትርጉም የሌለው አንድ ቃል አድርገዋቸዋል። ሪትሽል ከዚያ ትርጉም የለሽ የፊደል ክምችት ውስጥ «የማኪዩስ ቲቱስ» የሚለውን አወጣ።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ቆም ብሎ እንዲያስብበት የምለምነው ነገር አለ። የ«ሜርካቶር»ን መቅድም የገለበጠው መነኩሴ ሲጽፍ የጻፈው ነገር አልገባውም ነበር። ሆኖም አልገባኝም ብሎ አልሰረዘውም፤ በሚያውቀው ስምም አልተካውም። ያየውን ፊደል፣ ወይም ያየ የመሰለውን፣ አሰፈረና አለፈ። እውነቱን ያቆየልን ያ የተበላሸ ቃል ነው። የፕላውቱስን ጽሑፍ ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚጸናብኝ እምነት ይህ ነው፦ ቃሉን ያደረሰልን ሳይገባው በታማኝነት የገለበጠው ጸሐፊ ሲሆን፣ ቃሉን ያጠፋብን ደግሞ ብዙ ጊዜ የገባው የመሰለው አዋቂ አራሚ ነው።

ፕላውቱስ በኡምብርያ ምድር ሳርሲና በተባለች ከተማ ተወልዶ በ184 ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደሞተ ይነገራል። ስሙ ገበያ ስለነበረው ከሞተ በኋላ ወደ 130 የሚደርሱ ተውኔቶች የእርሱ ናቸው እየተባሉ ይዞሩ እንደነበር ሮማዊው ጸሐፊ አውሉስ ጌሊዩስ ጽፎልናል። ከእነዚያ መካከል የእርሱ መሆናቸው በሁሉም ዘንድ የታመነባቸውን 21 ተውኔቶች ለይቶ ያስቀመጠው ሮማዊው ሊቅ ቫሮ ነው፤ ዛሬ በእጃችን ያሉትም እነዚያው መሆናቸው ይታመናል። ሃያዎቹ ይነስም ይብዛ ደርሰውናል። ሃያ አንደኛው «ቪዱላርያ» በጥራዙ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ስለነበረ፣ የመጻሕፍት መጨረሻ ገጾች በሚደርስባቸው አደጋ ጠፍቶ ቁርጥራጩ ብቻ በሚላኖው ብራና ተርፏል።

በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ አንባቢ የሚያውቀው ከሃያዎቹ ስምንቱን ብቻ ነበር። በ1429 የኩዛው ኒኮላስ ከጀርመን ወደ ሮማ የላከው አንድ መጽሐፍ ለካርዲናል ጆርዳኖ ኦርሲኒ ሲደርስ ግን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ያልታወቁ አሥራ ሁለት ተውኔቶች በአንድ ጊዜ ብቅ አሉ። ይህ መጽሐፍ ዛሬ በቫቲካን ይገኛል። ወንድሞቹ የሆኑ ሁለት መጻሕፍት ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን በዮአኪም ካሜራሪዩስ እጅ ነበሩ፤ እርሱም በ1552 በባዝል ያሳተመውን እትም ያዘጋጀው በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። ሁለቱም በሃይደልበርግ ቤተ መጻሕፍት ከቆዩ በኋላ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ከተማዪቱ ስትያዝ ወደ ሮማ ተጋዙ፤ ኋላ አንዱ ወደ ሃይደልበርግ ሲመለስ ሌላው በቫቲካን ቀርቷል። ሦስቱም በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዘመን በጀርመን ምድር የተገለበጡ ናቸው። አንድ ዓይነት ስሕተት አብረው ስለሚሳሳቱና አንድ ዓይነት ጉድለት አብረው ስለሚያሳዩ፣ ከአንድ የጠፋ እናት መጽሐፍ እንደወጡ አያጠራጥርም። ሊቃውንቱ ይህንን ወገን ከሃይደልበርግ ቤተ መጻሕፍት ስም ወስደው «ፓላቲን» ይሉታል።

የጣሊያን ምሁራን በ1429 የደረሰውን መጽሐፍ መገልበጥ እንደጀመሩ የሆነው ነገር አባባሌን በግልጽ ያሳያል። መጽሐፉ በስሕተት የተሞላ፣ ቃላቱ በየቦታው የተቆራረጡ፣ ግጥሙም ቤት በቤት ያልተለየ ስለነበረ፣ ላቲን ጠንቅቀው የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች እንዳለ ሊተዉት አልቻሉም። የጎደለ የመሰላቸውን ሞሉ፤ የሻከረውን አለሰለሱ፤ ያልገባቸውን ሐረግ በሚገባ ሐረግ ተኩ። የሥራቸው ውጤት ለማንበብ የተመቸ ፕላውቱስ ነበር፤ አንዳንዱ ማሻሻያቸውም በእርግጥ ትክክል ነው። ነገር ግን አንባቢው የደራሲውን ቃልና የአራሚውን ግምት የሚለይበት ምልክት በገጹ ላይ አልቀረም። በኋላ የመጣው መርማሪ ሥራውን ሊጀምር የሚችለው ያንን ለስላሳ ገጽ ወደ ጎን ትቶ፣ ሻካራ ወደሆኑት የጀርመን መነኮሳት ግልባጮች ሲመለስ ነው።

ከእነርሱም ባሻገር የሚላኖው ብራና አለ። የታችኛው ጽሑፍ በ4ኛው ወይም በ5ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተጻፈ ሲሆን፣ ብራናው በ6ኛው መቶ ዘመን ገደማ ተፍቆ መጽሐፈ ነገሥት ተጻፈበት። ቆይቶም በሰሜን ጣሊያን በሚገኘው በቦቢዮ ገዳም ተቀመጠ። ከፓላቲን ወገን የተለየ የራሱ መንገድ ያለው ምስክር በመሆኑ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ንባቡ ቢያንስ እስከ ጥንቱ ዘመን መጨረሻ ድረስ እንደሚደርስ እንረዳለን። የዘፈን ክፍሎችን እንደየምታቸው በየመሥመሩ ለይቶ ይጽፋል። «ስቲኩስ» በ200፣ «ፕሴውዶሉስ» ደግሞ በ191 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለሕዝብ እንደቀረቡ ያወቅነውም በእርሱ ላይ ከተረፈው የትርዒት ማስታወሻ ነው። የ«ስቲኩስ»ን ሙዚቃ የሠራው ባርያ ስም ሳይቀር በዚያ ሰፍሯል።

ነገር ግን ይህን ብራና ማንበብ እጅግ አድካሚ ነው። ፊደሉ «ረስቲክ» የሚባለው ቀጭንና ረዥም የላቲን ትልልቅ ፊደል ሲሆን፣ «ኢ»፣ «ኤፍ»፣ «ቲ»፣ «ኤል» እና «አይ» የተባሉት ፊደላት የሚለያዩት በአጫጭር አግድም መሥመሮች ብቻ ነው። ብራናው ሲፋቅ ቀድሞ የሚጠፋው ያ አጭር መሥመር ነውና የሚቀረው የቋሚ ጭረቶች ረድፍ ነው። ማይ ፊደሉን ለማጉላት ሲል የቀባው ኬሚካል ለጊዜው ንባቡን ቢያደምቅለትም ብራናውን አጠቆረው። ቪልሄልም ሽቱዴሙንድ ዘመኑን የሰጠው ለዚህ ብራና ነው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ እየተመላለሰ በየገጹ የቀረውን እያንዳንዱን ጭረት ገለበጠ፤ ዓይኑም በዚህ ሥራ ተጎዳ። የልፋቱ ፍሬ የሆነው መጽሐፍ የታተመው በሞተበት ዓመት በ1889 ሲሆን፣ በመግቢያው ላይ ያኖረው ጥቅስ ከሮማዊው ባለቅኔ ከካቱሉስ ግጥም የተወሰደው «ከዓይኖቼ አብልጬ ባልወድህ ኖሮ» የሚለው ነው።

ሽቱዴሙንድን የማከብርበት ምክንያት መሥዋዕትነቱ ብቻ አይደለም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያደረገው፣ የላቲን ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ ዕውቀቱን ለጊዜው አስቀምጦ የታየውን ብቻ መጻፍ ነው። አንድ ቋሚ ጭረት ከታየች «ቲም ኤልም አይም ልትሆን ትችላለች» ብሎ ያስቀምጣታል እንጂ፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚፈልገውን ፊደል ከኪሱ አያወጣም። ከእርሱ በፊት ብራናውን ያዩት ሰዎች፣ ሪትሽልም ሳይቀር፣ የጠበቁትን ቃል ያዩበት አጋጣሚ አለ። ሽቱዴሙንድ አንድ ሺህ ዓመት ዘግይቶ የመጣ፣ ግን ሳይገባው እንደሚገለብጥ መነኩሴ ለመሆን ፈቃደኛ የነበረ ሊቅ ነው።

አሁን ወደ አንድ ልዩ ቦታ ልውሰዳችሁ። ግእዝ ለሚያውቅ፣ ወይም ዜማውን ብቻ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ለለመደ አንባቢ፣ በላቲን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ የሚቀርብ ገጽ ያለ አይመስለኝም። «ፖይኑሉስ» ወይም «ትንሹ ካርታጌናዊ» በተባለው ተውኔት፣ ሃኖ የሚባል፣ በሰሜን አፍሪካ የነበረችው የሮማ ተቀናቃኝ ከተማ የካርታጌና ሽማግሌ የተሰረቁ ሴቶች ልጆቹን ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራል። ወደ መድረክ ሲገባ የሚናገረው በላቲን አይደለም፤ በገዛ ቋንቋው፣ በፑኒክ ይጸልያል። ፑኒክ የፊንቄ ልጅ፣ ከግእዝና ከዕብራይስጥ ጋርም ዘመድ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ፕላውቱስ የጸሎቱን ድምፅ በላቲን ፊደል ጻፈው። ሮማውያን ተመልካቾች የፑኒክን ድምፅ የሚያውቁት ከካርታጌናው የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር በተዋጉበት ጦርነት ዘመን ነበር፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ደራሲው ይህን ሽማግሌ ቢያስቅም ክፉ ሰው አላደረገውም፤ ልጆቹን የሚወድ፣ አምላኩን የሚፈራ አባት አድርጎ አቀረበው።

በ10ኛው መቶ ዘመን በጀርመን ገዳም ተቀምጦ ይህንን ገጽ የሚገለብጠውን ሰው አስቡት። ከፊቱ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ ቃሉ ግን ላቲን አይደለም። ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ጸሎቱ የሚጀምርበት መሥመር በግልባጮቹ ሲታይ «ይታሎኒም ኡዋሎኑት ሲኮራቲሲማ ኮምሲት» ወደሚል ድምፅ ይጠጋል። ጸሐፊው ቃሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ስለማያውቅ ክፍተቱን በግምት አኑሮታል። ፊደሉን ግን አልጣለውም።

ከመሥመሩ መጀመሪያ እንነሣ። «ይት» የሚለው ተሳቢን የሚያመለክት ቃል ነው፤ «አሎኒም» አማልክት ማለት ነው፤ ከዚያ የሚመጣው «ኡ» የእኛው የግእዝ «ወ» ነው፤ «አሎኑት» ደግሞ ሴቶቹ አማልክት ናቸው። በመጨረሻው ላይ ያለው «ኡት» ግእዙ «ሰማያት» እና «ፍጥረታት» ሲል ከሚጨምረው «ኣት» ጋር አንድ የሆነ የሴት ብዙ ቁጥር ምልክት ሲሆን፣ በፊንቄ ወገን ረዥሙ «ኣ» ወደ «ኦ»፣ በፑኒክም ወደ «ኡ» ስለዞረ ነው ድምፁ የተለወጠው። አሁን ጸሐፊው በሁለት የከፈለውን «ሲማ ኮምሲት» የሚለውን እንየው። ክፍተቱን ብናነሣና «ማኮም ሲት» ብለን ብንከፍለው «ይህ ቦታ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። «ማኮም» የወጣው «ቆመ» ከሚለው የሴማውያን የጋራ ሥር ነው፤ እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች በዕብራይስጥ በየቀኑ የምትሉት ቃል ነው። ይህ አከፋፈል ግምት ብቻ አለመሆኑን ተውኔቱ ራሱ ያረጋግጥልናል፤ ከፑኒኩ ቀጥሎ ሃኖ ያንኑ ጸሎት በላቲን ይደግመዋልና። ላቲኑም «በዚህች ከተማ የሚኖሩትን አማልክትና እንስት አማልክት አመልካለሁ» ብሎ ይጀምራል።

ትንሽ ወረድ ብሎ ሃኖ ማንነቱን ሲጠየቅ በሚመልሰው መሥመር ውስጥ «ሃኖ ቢን ሙቱምባል» የሚለው ይሰማል፤ በመጨረሻውም ላይ «አኔክ» የሚል ቃል አለ። «ቢን» ልጅ ማለት መሆኑን ዓረብኛ ለሰማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። «አኔክ» ደግሞ የግእዙ «አነ» ዘመድ ነው፤ በ«አኔክ» ውስጥ የምትሰማዋ «ክ» በግእዝ «ነበርኩ» እና «ገበርኩ» በሚሉት ግሦች ጫፍ ላይ ከምትመጣው «ኩ» ጋር ዝምድና አላት። እዚህም ላቲኑ ወዲያው ተከትሎ «ሃኖ ነኝ፣ የሙቱምባል ልጅ፣ ካርታጌናዊ ይላል» ብሎ ስለሚተረጉም ጥርጣሬ አይቀርም። የደራሲው ቀልድ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሚልፊዮ የተባለው ባርያ ፑኒክ እችላለሁ ብሎ የሃኖን ቃል ከሚመስለው የላቲን ቃል ጋር እያጋጠመ የተሳሳተ ትርጉም ይሰጣል። ሳሙኤል ቦሻር በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ቪልሄልም ጌዜኒዩስ በ1837፣ ሞሪስ ሽኒጸር በ1967 በእነዚህ መሥመሮች ላይ ደክመዋል፤ ከመሥመሮቹ መካከል እስከ ዛሬ ያልተፈቱ አሉ። ግን የተፈታው ሁሉ የተፈታው ፊደሉን ያቆዩት ሰዎች ሊያርሙት ስላልቻሉ ነው። ላቲኑን እንዳሻቸው ያቃኑት የነበሩ እጆች እዚህ ላይ ሲደርሱ የሚያቃኑት ነገር አጡ።

ፊደል ብቻውን የማይበቃበት ሌላ ቦታ ግን አለ፤ እርሱም ምጣኔው ነው። የፕላውቱስ ንግግር ሁሉ ግጥም ነው፤ በረዥምና በአጭር ቀለማት የሚመዘኑ ስድስትና ሰባት እግር ያላቸው መሥመሮች አሉት። ቅኔ የተማረ ሰው ቅኔው ቤት ሲጎድለው ፊደሉን ሳይቆጥር በጆሮው እንደሚያውቀው፣ የሠለጠነ የላቲን አንባቢም መሥመሩ ሲንገዳገድ አንድ ነገር እንደጠፋ ያውቃል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ጆሮ በጥንቱ ዘመን እንኳ መሳት መጀመሩ ነው። ኪኬሮ የኮሜዲ መሥመሮች ከተራ ንግግር ጋር ከመመሳሰላቸው የተነሣ ግጥም መሆናቸው አንዳንዴ ሊታወቅ እንደማይችል ጽፏል። በፕላውቱስ ዘመን አጭር ቀለም ሲቀድመው ረዥሙ ቀለም ሊያጥር ይችል ነበር፤ በቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤስ» ተነባቢ ሲከተላት ልትዋጥ ትችል ነበር። ከዘመናት በኋላ የመጡት ጸሐፍት ይህን ስለማያውቁ የቆየውን አጻጻፍ በዘመናቸው አጻጻፍ ተኩ፤ መሥመሩም ተሰበረ። ሪቻርድ ቤንትሊ በ1726 ባሳተመው የሌላው ሮማዊ የኮሜዲ ደራሲ የቴሬንቲዩስ እትም ምጣኔን የማረሚያ መሣሪያ አድርጎ ሲጠቀምበት አዲስ መንገድ ከፈተ፤ ሪትሽል ደግሞ ያንን መንገድ ወደ ፕላውቱስ አመጣው።

ሪትሽልን ስለ ስሙ ጉዳይ ያመሰገንሁትን ያህል፣ በ1869 ባሳተመው ሥራ ላይ ያለኝን ተቃውሞ መደበቅ አልፈልግም። በፕላውቱስ መሥመሮች አንዱ ቃል በአናባቢ ሲያልቅ ቀጣዩ በአናባቢ የሚጀምርባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፤ በላቲን ግጥም ልማድ ደግሞ ሁለቱ አናባቢዎች ሲገናኙ አንዱ መዋጥ ነበረበት። ሳይዋጥ ሲቀር ሪትሽል የጠፋ ፊደል አለ ብሎ አመነ። ማስረጃም ነበረው። የሮማ ምክር ቤት በ186 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ማለትም ፕላውቱስ በሕይወት ሳለ፣ የባኮስን አምልኮ የከለከለበት ዐዋጅ በነሐስ ላይ ተቀርጾ በ1640 በደቡብ ጣሊያን በቲሪዮሎ ተገኝቷል፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ኋላ በአናባቢ የሚያልቁ ስሞች መጨረሻቸው ላይ «ዲ» አለባቸው። እንግዲያው ፕላውቱስም ይህቺን «ዲ» ይጽፍ ነበር፣ ጸሐፍት ጣሏት፣ እኛ እንመልሳት አለ፤ ባስፈለገው ቦታ ሁሉም መለሳት።

አመክንዮው ያማረ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት አዘጋጆችም አልተቀበሉትም። የመንግሥት ዐዋጅ የሚጻፍበት ቋንቋ ሁልጊዜ ከሕዝብ ንግግር ያረጀ ነው፤ በመድረክ ላይ ባርያና ጌታ የሚጨቃጨቁበትን ላቲን በምክር ቤት ቃል መመዘን አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን ግልባጮቹ ይህቺን «ዲ» ሙሉ በሙሉ አላጠፏትም። «እኔን» እና «አንተን» በሚሉት ቃላት ላይ ጸሐፍቱ ምን እንደሆነች ሳያውቁ በብዙ ቦታ ጠብቀዋታል። በእነዚህ ቃላት ላይ ከጠበቋት በስሞቹ ላይ ብቻ አንድም ሳያስቀሩ የሚጥሉበት ምክንያት የለም። ፍሪድሪሽ ሌኦ በ1890ዎቹ፣ ዋላስ ሊንድዚም በ1904 እና በ1905 በኦክስፎርድ ባሳተሙት እትሞች የሪትሽልን «ዲ»ዎች አውጥተው መሥመሩን ከነክፍተቱ ትተውታል። ሪትሽልን የሚያህል ሰው፣ ታማኙን ጸሐፊ አምኖ የደራሲውን ስም ያገኘው ሰው፣ እዚህ ላይ እንደ 15ኛው መቶ ዘመን ጣሊያኖች ገጹን ማለስለስ ፈለገ። የሪትሽልንና የሊንድዚን ሥራ ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ ከሊንድዚ ሻካራ መሥመር ጋር መኖርን እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ ግምትና ሙግት በውጭ ምስክር የሚፈተንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። አንዱ «ባኪዴስ» በተባለው ተውኔት ላይ የሆነው ነው። መጀመሪያው ክፍል የጠፋበት ይህ ተውኔት፣ «አማልክት የወደዱት በወጣትነቱ ይሞታል» የሚል መሥመር ይዟል። ሪትሽልን ጨምሮ የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት ይህ መሥመር የግሪኩ ደራሲ የሜናንድሮስ «ሁለቴ አታላዩ» ከተባለው ተውኔት ከተጠቀሰ ቃል ጋር አንድ መሆኑን አይተው፣ ያ የጠፋ የግሪክ ተውኔት የ«ባኪዴስ» ምንጭ ነው ብለው ነበር። በ1968 ኤሪክ ሃንድሊ ከግብፅ፣ ከኦክሲሪንኩስ የቆሻሻ ክምር ከወጡት ፓፒሩሶች መካከል የዚያን የግሪክ ተውኔት ቁራጭ አሳተመ። ቁራጩ ከ«ባኪዴስ» ጋር መሥመር ለመሥመር ሊመሳከር የሚችል ነበር። የሊቃውንቱ ግምት ልክ ሆኖ ተገኘ። ፕላውቱስ በምንጩ ላይ ያደረገውም ታየ፤ ልጅና አባት ስለ ገንዘቡ የሚነጋገሩባቸውን ትዕይንቶች አውጥቷል፤ የሰዎቹን ስምም ለውጧል። በግሪኩ ተውኔት ውስጥ የብልጡ ባርያ ስም ሲሮስ ነበር፤ ፕላውቱስ ክሪሳሉስ፣ ወርቃማው፣ አለው። በላቲኑ ተውኔት ውስጥ ክሪሳሉስ «ከጌቶቻቸው ሁለት ሦስት ምናን የሚወስዱት እነዚያ ፓርሜኖኖችና ሲሮሶች አያስደስቱኝም» ብሎ የሚፎክርበት መሥመር አለ። ከ1968 በፊት ይህ ስለ ኮሜዲ ባርያዎች በጠቅላላው የተነገረ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ባርያው በምንጩ የነበረውን የራሱን ስም እየናቀ እንደሆነ እናውቃለን። ከጥንት ጀምሮ ይህን የገለበጡ ሁሉ የዚህን ቀልድ ትርጉም ሳያውቁ አሳልፈውልናል።

ይሁን እንጂ «ደራሲው የጻፈው ቃል» የምንለው ራሱ በኮሜዲ ዘንድ አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ይህን ሳላነሣ ማለፍ ለጉዳዩ ታማኝ አያደርገኝም። ፕላውቱስ ተውኔቱን የጻፈው ለአንባቢ አይደለም፤ ጽሑፉ በተዋናዮች ማኅበር እጅ ይኖር ነበርና እነርሱ ሲያስፈልጋቸው ይጨምሩበት፣ ይቀንሱበት ነበር። የ«ካሲና» መቅድም ላይ የቆመው ተናጋሪ ሕዝቡ የፕላውቱስን ተውኔቶች እንደሚናፍቅ ተዋናዮቹ ከወሬ መስማታቸውን፣ ያ የባለቅኔዎች አበባ የነበረበት ዘመን ማለፉንና ባለቅኔዎቹም ከዚህ ዓለም መሄዳቸውን ይናገራል። ይህን ፕላውቱስ ስለ ራሱ ሊጽፈው አይችልም፤ ተውኔቱ ከአንድ ትውልድ በኋላ ዳግመኛ ሲታይ የተጨመረ ነው። ሃኖን ያየንበት «ፖይኑሉስ» ደግሞ ከአንድ በላይ መደምደሚያ ይዞ ደርሶናል፤ አንድ ትዕይንት ካለቀ በኋላ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል እንደገና ይጨርሰዋል። የፑኒኩ ጸሎት ራሱ በግልባጮቹ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቱ ቅጂዎችም ፊደል በፊደል አይስማሙም። በጥንት ዘመን ተውኔቶቹን ሰብስቦ ያዘጋጀው ሰው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ሲያገኝ አንዱን መርጦ ሌላውን አልጣለም፤ ሁለቱንም አከታትሎ አስቀመጠ።

አንዳንድ የዘመናችን አዘጋጆች ከመደምደሚያዎቹ አንዱን የፕላውቱስ፣ ሌላውን የተዋናዮች ብለው በቅንፍ ያስገቡታል። ምክንያታቸውን አነባለሁ፤ የምጣኔና የቋንቋ ክርክራቸውም ብዙ ጊዜ ያሳምነኛል። ቢሆንም ቅንፉ ከገጹ ግርጌ ማስታወሻ አልፎ ቃሉን ራሱን ማውጣት ሲጀምር እቃወማለሁ። የ«ፖይኑሉስ»ን አዲስ እትም የሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱን መደምደሚያዎች በሙሉ ፊደል አከታትሎ ማተም፣ ሁለቱን የፑኒክ ጸሎቶች ግልባጮቹ እንደከፈሏቸው ማስቀመጥና የራሱን አከፋፈል ከሥር መጻፍ ይገባዋል።